ከአውጫጭኝ እስከ ድንገተኛ ክፍል
የማስረጃ ታሪክ በሸዋ ምድር

ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ለሚ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በጥንቱ የሸዋ ምድር ሰው ተገድሎ ወይም ንብረት ተሰርቆ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ነገሩ የሚጣራው በአውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ መመለስ አይፈቀድለትም። ለስርቆት ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የጠጣ ልጅ በየሰፈሩ እየተመራ ይሄድና፣ ገብቶ የወደቀበት ቤት ጌታ ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቅ ነበር። በሁለቱም ሥርዓቶች ማስረጃ የሚፈለገው ከሰው አፍ ወይም ከአጋጣሚ ነው። አድራጊውን ለመለየት ቁስሉ፣ ልብሱና ደሙ እምብዛም አይጠየቁም ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲወጡ ይህ አሠራር መሠረቱ ተለወጠ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ቁጥር 34፣ መርማሪ ፖሊስ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የተከሳሹም ሆነ የተበዳዩ ሰውነት በተመዘገበ ሐኪም እንዲመረመርና ውጤቱም በጽሑፍ እንዲሰፍር አዘዘ። ከዚያ ወዲህ ቁስል ራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ብዕሩን ለሐኪሙ ሲሰጥ፣ ከሐኪሙ በፊት ቁስሉን የሚነካውን እጅ አላነሣም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖች ጋር ለየአውራጃው ያሠለጠናቸው ነርሶች፣ የቆሰለውን በቅድሚያ የሚቀበሉ ባለሙያዎች ነበሩ። ሙያቸው ያስተማራቸው ማጠብን፣ ማጽዳትንና ማሰርን ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን በጩቤ የተቀደደ ሸሚዝ በቀዳዳው በኩል በመቀስ ሲቆረጥ የስለቱ ምልክት ይጠፋል። የባሩድ ቅሪት ያለበት እጅ ሲታጠብ ቅሪቱ ከውኃው ጋር ይፈሳል። በደም የራሰ ልብስ በላስቲክ ከረጢት ሲታሰር ይሻግታል። ሁሉም በቅን ልቡና ይፈጸማል፤ በመጨረሻ ግን ችሎቱ ፊት የሚቀረው የሁለት ወገን ቃል ብቻ ይሆናል። ነገሩ ተመልሶ ወደ አውጫጭኝ ይሄዳል።

ይህ ችግር በሌላው ዓለምም ዘግይቶ ነው የታወቀው። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከተደፈሩ ሴቶች ማስረጃ በሥርዓት የሚሰበሰብበት ሣጥን ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች ዓለም አቀፍ ማኅበራቸውን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የተቋቋመው ማዕከል ሕክምናን፣ ፖሊስንና ዐቃቤ ሕግን ለጥቃት ተጎጂዎች በአንድ ቦታ አገናኘ።

የሚፈለገው ዕውቀት ረቂቅ አይደለም። ሕይወት ማዳን ይቀድማል። ከዚያም ቁስሉ ከመታጠቡ በፊት ስፍራው፣ መጠኑና ቅርጹ ይጻፋል፤ ልብስ ከቀዳዳው ርቆ ይቆረጣል፤ ከደረቀ በኋላም እያንዳንዱ ለየብቻው በወረቀት ከረጢት ይቀመጣል። የተጎጂው ቃል ሳይታረም እንደተነገረ ይመዘገባል፤ ማስረጃውን የሰጠና የተቀበለ ሁሉ ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ አይሆንበትም፤ አንድ ምሰሶ ሲሰበር የስብራቱ ገጽታ ሳይመረመር ብረቱን የሚወለውል አጣሪ የለምና።

ለሚ ዛሬ የቀድሞዋ ለሚ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ የኢንዱስትሪ ስፍራ አድርጓታል። መኪናና መሣሪያ በበዛበት ቦታ ሁሉ አደጋ ይኖራል፤ ከአደጋውም ጋር የኃላፊነትና የካሣ ጥያቄ ይነሣል። የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ኋላም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲከናወን የኖረው አዲስ አበባ ላይ ነው። እዚያ የሚደርሰው ማስረጃ ግን በገጠሩ ጤና ጣቢያ በመጀመሪያዋ ሰዓት ያልጠፋው ብቻ ነው። ስለዚህ የነርሶች ሥልጠና ይህን ትምህርት እንዲያካትት ማድረግ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።