ሊዲያ ታፈሰ

ሊዲያ ታፈሰ ሚያዝያ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. በጅማ የተወለደች ኢትዮጵያዊት ኢንተርናሽናል የእግር ኳስ ዳኛ ነበረች። በአፍሪካ የአዋቂ ወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች ዋና ውድድር ላይ ጨዋታ በመሃል ዳኝነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

ከቅርጫት ኳስ ወደ ፊሽካ

ወደ ስፖርቱ የገባችው በቅርጫት ኳስ ተጫዋችነት ነው። በትምህርቷ ፋርማሲስት ስትሆን፣ ሙያዋንና ዳኝነቱን ጎን ለጎን አስኬዳለች። እ.ኤ.አ. በ2005 የፊፋ ኢንተርናሽናል ዳኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ የካናዳና በ2019ኙ የፈረንሳይ የሴቶች ዓለም ዋንጫዎች ከተመረጡት ዳኞች መካከል ነበረች።

የሰከንዶች ፈተና

እንደ ሊዲያ የፊፋ ባጅ ያለው ዳኛ በየጊዜው የፊፋን የአካል ብቃት ፈተና ማለፍ አለበት። መጀመሪያ 40 ሜትር ስድስት ጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል። ቀጥሎ 75 ሜትር ሮጦ 25 ሜትር በእርምጃ ይሄዳል፤ ይህንንም 40 ጊዜ ይደጋግማል። ለ75 ሜትሩ ለወንዶች 15፣ ለሴቶች 17 ሰከንድ ይሰጣል። የወንዶችን ጨዋታ መምራት የምትሻ ሴት ግን በወንዶቹ ሰዓት መግባት ይጠበቅባታል። ሁለት ሰከንድ በወሬ ቀላል ናት፤ በ35ኛው ዙር ላይ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ግን የባጅ ጉዳይ ናት።

የሊምቤው ጨዋታ

ጥር 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በካሜሩን ሊምቤ ከተማ በተካሄደው የወንዶች የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) ውድድር ታንዛኒያ ናሚቢያን 1 ለ 0 አሸነፈች። ፊሽካው በሊዲያ እጅ ነበር፤ መስመሩን የያዙትም የማላዊዋ በርናዴታር ክዊምቢራና የናይጄሪያዋ ሚሚሰን ኢዮርሄ ነበሩ። በውድድሩ ሦስት ሴቶች አንድን ጨዋታ በጋራ ሲዳኙ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በታሪክ ያላት ቦታ

ኢትዮጵያ በዓለም አቀፍ ዳኝነት የቆየ ስም አላት። ስዩም ታረቀኝ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ የስዊድንና የእስራኤልን ጨዋታ መርተዋል። ሊዲያ በዚያው መንገድ ተጉዛ ለሴቶች ተዘግቶ የኖረውን በር ከፈተች። ከሊምቤው ጨዋታ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ሩዋንዳዊቷ ሳሊማ ሙካንሳንጋ ዚምባብዌና ጊኒ ያደረጉትን የአፍሪካ ዋንጫ ጨዋታ ያውንዴ ላይ መራች።