የኔክስትክላውድ ማሻሻያ ስክሪፕት

የኔክስትክላውድ ማሻሻያ ስክሪፕት በግል ሰርቨር ላይ የተተከለን የኔክስትክላውድ መተግበሪያ ወደ አዲስ ዕትም የሚያሸጋግሩ ትእዛዞችን በቅደም ተከተል የያዘ ፋይል ነው። ኔክስትክላውድ በ2016 እ.ኤ.አ. ከኦውንክላውድ ተገንጥሎ የወጣ፣ በፒኤችፒ የተጻፈ የፋይል ማከማቻና መጋሪያ ሶፍትዌር ነው፤ «ኦሲሲ» የተባለውን የትእዛዝ መስመር መሣሪያም ከዚያው ወርሷል።

ስክሪፕቱ በተለምዶ መተግበሪያውን ወደ ጥገና ሁኔታ ያስገባል፤ የዳታቤዙን፣ የማስተካከያ ፋይሉንና የተጠቃሚዎችን ሰነዶች መጠባበቂያ ቅጂ ይወስዳል፤ አሮጌውን ኮድ በአዲሱ ይተካል። ቀጥሎ ኦሲሲ የዳታቤዙን ሠንጠረዦች ከአዲሱ ዕትም ጋር ያስማማል። ኦሲሲ መጠራት ያለበት አብዛኛውን ጊዜ በድር ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም ነው፤ በሌላ ስም፣ በሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ (ሩት) ስምም ቢሆን፣ ከተጠራ ሥራውን አይጀምርም።

ዋና ዕትም መዝለል አይፈቀድም፤ ከ27 ወደ 29 ለመድረስ በ28 ማለፍ ግድ ነው። ወደ ቀደመው ዕትም መመለስም ስለማይደገፍ፣ መጠባበቂያ ቅጂው ካልተሳካ ስክሪፕቱ እዚያው መቆም አለበት። የጥገናው ሁኔታ የሚነሣው ማሻሻያው ያለ ስህተት መጠናቀቁ ከተረጋገጠ በኋላ ነው።