ፓርቲሽን (የሃርድ ዲስክ)
ፓርቲሽን በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ መነሻውና መጨረሻው ተለይቶ የተመዘገበ፣ ራሱን የቻለ የማከማቻ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር የመጣው ኤምቢአር የተባለው መዝገብ የሚይዘው 4 ዋና ፓርቲሽኖችን ብቻ ነው፤ ሴክተሩ 512 ባይት በሆነ ዲስክ ላይም ከ2.2 ቴራባይት ገደማ አያልፍም። ተተኪው ጂፒቲ በተለምዶ 128 ፓርቲሽኖችን ይመዘግባል።

የፓርቲሽን መጠን ሲቀየር ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሲጠብ መጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱ፣ ቀጥሎ ፓርቲሽኑ ይቀነሳል፤ ሲሰፋ ፓርቲሽኑ ይቀድማል። ይህ ከተዛባ የፋይል ሥርዓቱ ጫፍ ከፓርቲሽኑ ወሰን ውጭ ይቀርና መረጃ ሊጠፋ ይችላል። የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት መደበኛ ፓርቲሽንን የሚያሰፋው ባዶው ቦታ ወዲያው ከጎኑ ሲከተል ነው፤ መሐል ላይ ሌላ ፓርቲሽን ካለ አይሠራም። በሊኑክስ ኤክስት4 የተባለውን የፋይል ሥርዓት ለማጥበብ አስቀድሞ አንማውንት ማድረግ (ማላቀቅ) ያስፈልጋል። መብራት በመሐል ቢቋረጥ ጉዳቱ ከባድ ስለሚሆን ከሁሉ በፊት ባክአፕ መያዝ ግድ ነው።