የእንቅርት መድኃኒትና የመመዘኛው ታሪክ

ያገራችን ሰው በመከራ ላይ መከራ ሲደረብ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል። በሕክምና ታሪክም ይህ አባባል እንደ ተፈጸመ የሚቈጠርበት ዘመን ነበር።

በአውሮፓ እንቅርት የወጣበት ሰው የተቃጠለ የባሕር ሰፍነግ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1811 ፈረንሳዊው በርናር ኩርቷ ከባሕር አረም አመድ አዮዲንን አገኘ። የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኩዋንዴም የሰፍነጉ ኃይል ከዚሁ ንጥረ ነገር የመጣ መሆን አለበት በማለት፣ አዮዲንን ለበሽተኞቹ መስጠት ጀመረ፤ የብዙዎቹም እንቅርት ሟሸሸ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ግን ሕዝቡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ ያለ ልክ ይወስደው ጀመር። ልባቸው በኃይል የሚመታ፣ ሰውነታቸው የሚከሳና እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎች ታዩ። በዚህም ምክንያት መድኃኒቱ እንደ መርዝ ተፈራ።

ፍርሃቱን ያስወገደው ቈጠራ ነው። ከ1917 ጀምሮ ዴቪድ ማሪንና ኪምባል በአሜሪካ፣ በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ፣ ለተማሪ ልጃገረዶች በተወሰነ መጠን አዮዲን ሰጡ፤ ያልወሰዱትንም አብረው ተከታተሉ። ከወሰዱት 2,190 መካከል እንቅርት የወጣባቸው 5 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልወሰዱት 2,305 መካከል ግን 495 ነበሩ። በ1922 ስዊዘርላንድ፣ በ1924 ደግሞ የአሜሪካዋ ሚሺጋን አዮዲን የተቀላቀለበትን ጨው ለሕዝብ አቀረቡ።

ዛሬ ደግሞ ሕያው ባክቴሪያ የያዙ የአንጀት ማሟያ ክኒኖች ለታይሮይድ ሕመም ይበጃሉ እየተባሉ ይሸጣሉ። በርግጥ አንጀትና ታይሮይድ ይገናኛሉ፤ በሽተኛው የሚውጠው የታይሮይድ ሆርሞን ወደ ደም የሚገባው በትንሹ አንጀት በኩል ነው። የብረት ወይም የካልሲየም ክኒን አብሮት ቢዋጥ ወደ ደም የሚገባው መጠን ስለሚቀንስ፣ በመካከላቸው 4 ሰዓት ያህል እንዲቈይ ይመከራል። ስለ ባክቴሪያው የተደረጉት ሙከራዎች ግን ጥቂትና አነስተኛ፣ ውጤታቸውም የተለያየ በመሆኑ፣ ሐኪም ያዘዘውን ሆርሞን ለመተው ምክንያት አይሆኑም። ይልቁንም ለታይሮይድ ከሚሸጡት ማሟያዎች አንዳንዶቹ የባሕር አረም ዱቄት ስላለባቸው፣ ያለ ልክ ለወሰዳቸው ሰው የጄኔቫውን ጉዳት ሊመልሱበት ይችላሉ።

ስለዚህ አዲስ ክኒን በቀረበ ቍጥር የአክሮኑ ጥያቄ ሊቀርብለት ይገባል፦ ከወሰዱት ስንቱ ተሻለው? ካልወሰዱትስ?