ነፍጥና መዝገብ በጎጃም

ነፍጥ የሚገዛ ሰው ማንነቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ መሣሪያውንም ከመረከቡ በፊት ጥቂት ቀን ይቆይ የሚለው ሐሳብ በሌላው ዓለም እጅግ አከራክሯል። በአሜሪካ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የብሬዲ ሕግ በመጀመሪያ ሽጉጥ ገዢውን እስከ 5 የሥራ ቀን ያስጠብቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሕግ የሚሠራው ግን ሻጭ፣ ገዢና ሱቅ ባሉበት ነው። በጎጃም ብዙው ነፍጥ በሱቅ በር ያለፈ አይደለም።

ከውጭ በኩል ቁጥጥር ነበረ። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው ውል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው መሣሪያ በመንግሥቱ ፈቃድ እንዲሆን ደንግጓል። ውሉ የወደቡን በር ጠበቀ፤ በጦርነት የገባውን ግን ሊጠብቅ አልቻለም። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የቡሬን ምሽግ የለቀቀው የጠላት ጦር በማንኩሳና በደምበጫ መንገድ ሲያፈገፍግ፣ አርበኛው የማረከውን ነፍጥ ማንም አልመረመረውም። ባላገሩም ቢሆን የማረከውን እንደ ርስቱ ቈጥሮ ለልጁ አወረሰ እንጂ አስመዝግቡ ቢሉት ነገሩ ባልገባው ነበር።

ከዚያ በፊት ደግሞ መጥፎ ትዝታ ነበረ። ጠላት በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. የጎጃምን ሕዝብ ትጥቅ ለማስፈታት መነሣቱ ለአመጹ አንዱ ምክንያት ሆኗል።

እንግዲህ በ1960 ዓ.ም. የሆነውን በዚህ ትዝታ ላይ አድርጎ ማየት ይገባል። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም በሕዝብ እጅ ያለው ነፍጥ እንዲመዘገብ አዘዙ። አንድ የመንግሥት ሹም መዝገብ ማስያዙ በራሱ የሚያስነቅፍ አይመስለኝም፤ በማን እጅ ምን እንዳለ የማያውቅ መንግሥት ወንበዴውን ከጨዋው ሊለይ አይችልም። ነገር ግን ባላገሩ ሁለቱን ትእዛዞች አንድ አድርጎ ተረዳቸው። ዛሬ ነፍጤን ይጽፋሉ፣ ነገ ይወስዱታል፣ ከነገ ወዲያ ርስቴን ይለካሉ አለ። ርስትን የሚጠብቅ ነፍጥ ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። በሞጣ፣ ፍኖተ ሰላም ዋና ከተማው በነበረው በቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃም በደጋ ዳሞት፣ ሕዝቡ ግብር ገማቾችን አላስገባም አለ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ገዥው ተነሥተው ወደ ከፋ ተዛወሩ፤ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የግብሩ ታሪክ በብዙ ጽሑፍ ተነግሯል፤ የነፍጡ ምዝገባ ግን በግርጌ ማስታወሻ ተወስኖ ቀርቷል፤ ይህም የሚያሳዝን ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ፈቃድ ጠያቂው በዕድሜው፣ በጤንነቱና በወንጀል ታሪኩ እንዲመረመር ያዛል። በልማድ ነፍጥ የሚያዝበትን አካባቢም ለይቶ ያያል። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች መልሰው እንዲደራጁ በተወሰነ ጊዜ፣ «ትጥቃችንን ሊያስፈቱን ነው» የሚለው ቃል በአማራ ክልል እንደ ገና ተሰማ።