ቀስተ ደመናው ምን ያህል ይታመናል? የሮማ ዘመን ብርጭቆንና ዘመናዊ ቅጂውን ስለመለየት

የሮማ ዘመን ነው የተባለ ትንሽ የሽቶ ጠርሙስ ለመግዛት የመጣ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በላዩ ላይ በሚጫወተው የቀስተ ደመና ኅብር ላይ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን እያዞረ አረንጓዴው ወደ ወይን ጠጅ ሲለወጥ ያሳየዋል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ግን፣ ለዕድሜ ከሚቀርቡ ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ኅብር ደካማው ነው የሚል ነው።

ኅብሩ ቀለም ተቀብቶ የመጣ አይደለም። ብርጭቆ አፈር ውስጥ ለመቶዎች ዓመታት ሲቆይ እርጥበቱ ሶዲየሙን እያጠበ ይወስድበታል። የሚቀረው ሲሊካ የበዛበት፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተደራረበ እጅግ ስስ ገለፈት ነው፤ ብርሃን በገለፈቶቹ መካከል ሲንጸባረቅ ቀለማቱ ይወጣሉ። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ እንደ ሉዊስ ኮምፎርት ቲፋኒ ያሉ የብርጭቆ ባለሙያዎች ከመሬት በወጡ የሮማ ብርጭቆዎች ውበት ተማርከው፣ የጋለ ብርጭቆን በማዕድን ጨው ተን በማጠን ተመሳሳይ ኅብር አምጥተዋል። እነርሱ የራሳቸውን ሥራ በራሳቸው ስም ሸጡ እንጂ ማንንም አላታለሉም። የዛሬው አጭበርባሪ ግን ብርጭቆውን በአሲድ ያስበላዋል፤ ወይም ሙጫን ከሚያብረቀርቅ ዱቄትና ከአፈር ጋር ለውሶ ይቀባዋል።

ልዩነቱ የሚታየው ገለፈቱ በተነሣበት ጠርዝ ላይ ነው። በእውነተኛው ዕቃ ላይ ገለፈቱ ራሱ የብርጭቆው አካል ነበርና፣ ሲረግፍ ከሥሩ የሚገኘው በጥቃቅን ጉድጓዶች የተበላና የደበዘዘ ገጽ ነው። በተቀባው ላይ ግን ከሥር ለስላሳና ንጹሕ ብርጭቆ ብቅ ይላል። አፈር በጠርሙስ ዙሪያ እኩል አይሠራም፤ አንዱ ጎን ተበልቶ ሌላው ሊተርፍ ይችላል፣ የአንገቱ ውስጥም ከውጭው ይለያል። ስለዚህ ኅብሩ ዙሪያውን አንድ ዓይነት ሆኖ በጠባቡ አንገት ውስጥ ድንገት ካለቀ፣ የብሩሽ ሥራ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

በተቃራኒው የኅብር አለመኖር ሐሰተኛነትን አያሳይም። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1935 በግብፅ ፋዩም በምትገኘው ካራኒስ ባካሄደው ቁፋሮ የተገኙ ብዙ ብርጭቆዎች፣ አሸዋው ደረቅ በመሆኑ ጥሩ ይዞታ ላይ ነበሩ። ቀስተ ደመና ፈላጊው ገዢ እነዚህን ቢያይ አዲስ ናቸው ብሎ ያልፋቸዋል።

የጠርሙሱ መቀመጫ ከገላው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ አብዛኛው ገዢ ግን አይገለብጠውም። ከሥሩ ይዞት የነበረው የብረት ዘንግ የተነቀለበት ጠባሳ በዛሬ የእጅ ሥራም ላይ ስለሚገኝ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጭረቱ ግን ያጋልጣል። ዕቃ ለዓመታት ሲነሣና ሲቀመጥ፣ መሬት በሚነኩት ነጥቦች ላይ ብቻ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሄዱ፣ የተለያየ ጥልቀት ያላቸው ጭረቶች ያፈራል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ መቀመጫ ጭረቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ናቸው፤ ዕቃው ሲቀመጥ መሬት የማይነካውም ጎድጓዳ ክፍል ተፈትጎ ይገኛል።

የአሠራር ታሪክም አንዳንዱን ጥያቄ ባጭሩ ይዘጋዋል። በቱቦ ነፍቶ መሥራት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዘመን በሶርያና ፍልስጥኤም አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈርዖኖች ዘመን ነው ተብሎ የቀረበ የተነፋ ጠርሙስ ምርመራም አያሻው።

ወደ ቤተ ሙከራ ስንገባ ዋናው ጥያቄ ለማቅለጫ የገባው ሶዳ ከየት መጣ የሚለው ነው። የሮማ ብርጭቆ የሚቀልጠው በግብፅ ዋዲ ናትሩን በሚገኘው የናትሮን ማዕድን ስለነበር፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ኦክሳይዱ እያንዳንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 በመቶ በታች ነው። በዛሬው የመስኮት ብርጭቆ ውስጥ ዶሎማይት ስለሚገባ ማግኒዥየም ኦክሳይዱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ግን እዚህ ላይ በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ሶዲየምን አያይም፣ የሚያነበውም ላዩን ነው፤ ላዩ ደግሞ የታጠበው ክፍል ነው። አስተማማኙ መንገድ ካልተበላው ውስጠኛ ክፍል ኢምንት ናሙና መውሰድ ነው። በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ደማቅ አረንጓዴ የሚያበራ ብርጭቆ ዩራኒየም ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ዩራኒየም በብርጭቆ ሥራ የተለመደው ደግሞ ከ1830ዎቹ ወዲህ ነው። ደብዛዛ አረንጓዴ ግን ከማንጋኒዝም ሊመጣ ስለሚችል ያው ምልክት አይደለም።

ለምርመራ ከሁሉ አስቸጋሪው፣ ጥንታዊ ስብርባሪ አቅልጦ አዲስ ጠርሙስ የሚሠራ ሰው ነው። ቅመሙ ትክክለኛ የሮማ ቅመም ይሆናል፤ መሣሪያውም እውነቱን ይናገራል፣ ብርጭቆው መቼ ይህን ቅርፅ እንደያዘ ግን አይነግረንም። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ዕቃው የተገኘበት ቦታ መዝገብ ነው። ለምሳሌ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዘመን የተጻፈው የባሕር ንግድ መመሪያ፣ የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ፣ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል ልዩ ልዩ ብርጭቆ ይጠቅሳል፤ በአክሱም መቃብሮች የተደረጉ ቁፋሮዎችም የብርጭቆ ዕቃዎችና ስብርባሪዎች አውጥተዋል። በየትኛው የአፈር ንብርብር፣ ከምን ጋር እንደተገኘ የተመዘገበ የአክሱም ስባሪ፣ አመጣጡ ከማይታወቅ ሙሉ ጠርሙስ ይልቅ ለጥናት የጠነከረ ማስረጃ ነው፤ ዋጋው በገበያው ከጠርሙሱ እጅግ ቢያንስም።