የተሸጎጠው

አባቴ ባለፈው ክረምት ከቡሬ ደውለው "ስትመጣ የሽጉጥ አፎት ይዘህልኝ ና" አሉኝ። ፈቃድ ያለው ማካሮቭ አላቸው፤ የድሮው የቆዳ አፎቱ ሻግቶ ተቦጫጭቋል። "ቆዳ ይሁን ወይስ ፕላስቲክ?" ስላቸው ሳቁብኝ። "ፕላስቲክማ ጀሪካን ነው!"

እኔ ግን ፕላስቲኩን ነበር የፈለግኩት። ምክንያቱ የቤታችን ታሪክ ነው።

ሽጉጥ የሚለው ቃል ራሱ ከ"ሸጎጠ" የመጣ ነው፤ የተሸጎጠ፣ የተደበቀ ማለት ነው። ምንሽርና ውጅግራ ትከሻ ላይ ይታያሉ፣ ሽጉጥ ግን ጋቢ ስር ነው የሚውለው። ብዙ ሰው ዛሬም ቀበቶው ውስጥ እንዲሁ ይሸጉጠዋል። አፎት የሚያበጅለት ደህና ያለው ሰው ነበር። አፎቱንና ዝናሩን የሚሰፋው ደግሞ ፋቂው ነው።

ፋቂ ማለት ቆዳ የሚፍቅ ማለት ነው። የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ በዚያው በጎጃም፣ በየገዳሙና በየአብነት ትምህርት ቤቱ፣ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ፍቆ ብራና የሚያወጣው ሰው የተከበረ ነው። ዳዊቱን ጽፎ በቆዳ ማኅደር ያስገባዋል። ያንኑ ቆዳ ለኮርቻ፣ ለጠፍር፣ ለዝናር የሚፍቀው ጎረቤቱ ግን "ቡዳ" ይባላል፣ ልጁን ማንም አያገባውም፣ ከማዕዱም አይቀመጡም። ያው ግስ፣ ያው ቆዳ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። እኛ ሰፈር አዋጁ የደረሰ አይመስለኝም።

አያቴ በ1933 አርበኛ ነበር። በዚያው ዓመት ጥር 12 ቀን ንጉሡ በኦሜድላ በኩል ገቡ። ዊንጌት የሚያዘው የጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር እየገፋ በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቀቀ፤ ከዚያ ደምበጫ፣ ከዚያ ደብረ ማርቆስ። ወጀት ትባል የነበረችውን ከተማ ፍኖተ ሰላም ያሏትም ንጉሡ ናቸው፤ የሰላም መንገድ ማለት ነው። አያቴ ከዚያ ዘመቻ የተረፈው የጣሊያን ቤሬታ ሽጉጥ ነበር። የ1934 ሞዴል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የጣሊያኑ አፎት ሲበጣጠስ የሰፈራችን ፋቂ በበሬ ቆዳ ሰፋለት።

በቤታችን የሽጉጡ ስም ይታወቃል። የተማረከበት ቦታ ይታወቃል። የፋቂው ስም አይታወቅም።

በ1962 ገደማ ታላቅ አጎቴ ከገበያ ሲመለስ ሽጉጡን ወደ አፎቱ ሲመልስ ተኮሰበት። ጥይቱ ጭኑን በስቶ ወጣ። ሞት አልነበረም፤ ግን እስኪሞት ድረስ አነከሰ። ቤተሰቡ በአንድ ቀን ፍርድ ሰጠ፦ የፋቂው ዓይን ነው። ሰውየው ከዚያ ወዲያ በደጃችን አለፈ እንጂ አልቆመም።

ለምን እንደተኮሰ ያወቅኩት ገና አሁን፣ የአባቴን ትእዛዝ ለመፈጸም ስጠያይቅ ነው። በቅጠላ ቅጠልና በልጥ የለፋ ቆዳ ላብና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይላላል። የቡሬን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆዳ ሁሉ አረንጓዴ ይሆናል። (ቆዳ ውስጥ የከረመ ጥይትም እንዲሁ፤ የቆዳው አሲድ ነሐሱን ያዝገዋል። ለዚህ ነው አሮጌ ዝናር ላይ ያ አረንጓዴ ዱቄት የሚታየው።) አፉ የላላ አፎት ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሽጉጡ ሲገባ እጥፋቱ ቃታው ላይ ይቀመጣል፣ ሰውየው ይገፋል፣ ቃታው ይሳባል። ጣት አያስፈልገውም።

ፕላስቲኩ የሚሻለው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካኖቹ ካይዴክስ የሚሉት ጠንካራ ፕላስቲክ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ለአውሮፕላን ውስጥ ክፍል የተሠራ ነው፤ ሞቆ በሽጉጡ ቅርጽ ይታተማል። አፉ አይታጠፍም፣ ዝናብ አይጠጣም፣ ቃታውን እንደ ጋሻ ይሸፍናል። እንከን የለውም አልልም። የሽጉጡን ቀለም ይፍቃል፣ ወገብ ይቆረቁራል፣ ለሌላ ሞዴል የታተመውን ካመጣህ ደግሞ ከላላው ቆዳ አይሻልም። ጥሩ ቆዳ፣ ወፍራምና በየጊዜው የሚታይ፣ ዛሬም ያገለግላል። የማካሮቭ የራሱ አፎትም ቆዳ ነበር፤ ክዳኑ አቧራና ዝናብ ይከላከላል፣ ለትርፍ ካርታ ኪስ አለው። ችግሩ ቆዳን የሚያይለት ሰው መፈለጉ ነው። ያንን ሰው ደግሞ እኛ አባረነዋል።

ለማካሮቭ የታተመውን በብዙ ፍለጋ አገኘሁ። ባዶ አፎት ይዞ ከአዲስ አበባ ቡሬ መሄድ በዚህ ጊዜ ቀልድ አይደለም። "ሽጉጡስ?" ይሉሃል። ፍኖተ ሰላም በነሐሴ 2015 በድሮን ከተመታች ወዲህ በዚያ መንገድ ስለ ጦር መሣሪያ መጠየቅ ሌላ ትርጉም አለው። ሻንጣዬ ሁለት ኬላ ላይ ተበረበረ፤ አፎቱን ግን ማንም ምን እንደሆነ አላወቀውም። ፕላስቲክ መሆኑ ጠቀመኝ።

አባቴ ጥይቱን አወጡና ባዶውን ከተቱት። ቀጭ አለ። አወጡት፣ ደግመው ከተቱት። ቀጭ።

"ይጮሃል" አሉ።

"አባዬ፣ እንደ አጎቴ ግን አይተኩስብዎትም" አልኳቸው። ስለ ቆዳው መላላት ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አፎቱን እያገላበጡ፦

"እኔ ነኝ የወሰድኩለት።"

"ምኑን?"

"ያን አፎት። የ12 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስፌቱ ተተርትሮ አባቴ 'አሰፍተህ ና' ብሎ ላከኝ። ሰውየው አየውና 'ይሄ ቆዳ ደክሟል፣ አዲስ ልሥራላችሁ በላቸው' አለኝ።"

"ነገሯቸው?"

"ነገርኳቸው እንጂ! 'ፋቂ ገንዘብ ፈልጎ ነው' አሉ። በወሩ ተኮሰ። ቡዳ ነው ሲሉ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር።"

"ስሙ ማን ነበር?"

ብዙ አሰቡ። እናቴን ጠየቁ፣ እሷም አታውቀውም። ልጆቹ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄደዋል መባሉን ሰምታለች፣ በቃ።

አባቴ ቀበቷቸውን ፈትተው ፕላስቲኩን አስገቡ፣ ወገባቸው ላይ አስተካከሉት። የተቦጫጨቀውን ቆዳ ልጥለው ሳነሳ እጄን ያዙኝ።

"እሱን ተወው። ወደነበረበት ስቀለው።"